ገደል የገባ ከብት ወይም የታደነ አውሬ በወደቀበት ስፍራ ስለሚሰናዳበትና ከገደል ስለሚወጣበት ሥራ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የተዘጋጀ ትምህርት፤ በላስታ ደጋ ምሳሌነት

የላስታ ምድር ተራራና ሸለቆ የበዛበት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። የተከዜ ወንዝ ከላስታ ተራሮች ይነሣል፤ ወደ እርሱ የሚወርዱትም ጅረቶች አገሩን በጥልቅ ገደል ከፋፍለውታል። ገበሬው ከብቱን የሚያሰማራው በተረተሩና በገደሉ አፋፍ ላይ ስለ ሆነ፤ በክረምት መሬቱ ሲያዳልጥ፣ በበጋም ሣሩ አልቆ ከብቱ ወደ ገደሉ ጫፍ ሲጠጋ፤ በሬ ወይም ላም ገደል መግባቱ የተለመደ ጉዳት ነው።

በሬ የገበሬ ክንድ ነው። ከጥማዱ አንዱ የወደቀበት ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ካልተቀናጀ በቀር መሬቱ ጦም ያድራል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በነበረው ክፉ ቀን፤ የከብት እልቂት የሰውን ረኃብ እንዴት እንዳስከተለ አባቶች ለልጆቻቸው የነገሩት ነው። እንግዲህ ገደል የገባው በሬ እግሩ ተሰብሮ ለእርሻ የማይመለስ ከሆነ፤ ለባለቤቱ የሚቀርለት ሥጋውና ቆዳው ብቻ ነው። እነዚህም በደኅና ከተሰናዱና በደኅና ከወጡ፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለሌላ በሬ መግዣ ጥቂት ወይም እኩሌታ ይሆናል። በስንፍና ወይም ባለማወቅ ከተበላሹ ግን፤ ገበሬው በሬውን ሁለት ጊዜ እንዳጣ ይቈጠራል።

ሥጋ ተበላሸ ሲባል ብዙ ሰው የመንገዱን ርቀትና የፀሓዩን ትኵሳት ይወቅሳል። በእውነቱ ግን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንስሳው በወደቀበት ስፍራ፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ ስለዚያች ሰዓት ያስረዳል።

1ኛ፤ ስለ አደን ሕግ

ከዚህ በታች የሚነገረው የማሰናዳት ሥራ ለቤት ከብትም ለታደነ ትልቅ አውሬም አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን ማንም ሰው ይህን ትምህርት የአደን ፈቃድ አድርጎ እንዳይቈጥረው ሹማምንት ለሕዝቡ ማስረዳት ይገባቸዋል። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ መሠረት፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራና አካባቢውም በሕዝቡ የሚጠበቅ ጥብቅ ስፍራ ሲሆን፤ በዚያ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፤ ቍጥሩም ከ500 የማይበልጥ እንደ ሆነ የሚገመት አውሬ ነው።

በሕግ የተፈቀደ አደን የሚደረገው በሌላ ስፍራ፤ ይልቁንም በአርሲና በባሌ ደጋ በተከለሉት የአደን ቀበሌዎች፤ ፈቃድ ባለው ሰውና በጠባቂ ፊት ነው። በዚያ የሚታደነው የደጋ አጋዘን ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህም ከአንድ የደጋ በሬ ክብደት ጋራ የሚቀራረብ ነው፤ የሚገኝበትም ስፍራ እንደ ላስታ ሁሉ ብርዳምና ዳገታም ነው። በቀድሞ ዘመን ብዙ አዳኝ ለፉከራው የሚሆነውን ቀንድ ወይም ጅራት ይዞ ሥጋውን ለአሞራ ይተው ነበር። ዛሬ ግን በፈቃድ የወደቀ አውሬ ሥጋው እንዲባክን ማድረግ ነውር ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈው፤ ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ይበላል። ስለዚህ አጋዘን፣ ድኵላ፣ ሚዳቋና ሰስ በክርስቲያኑ ዘንድ ይበላሉ፤ ከርከሮ፣ ጃርት፣ ሽኮኮና ጥንቸል ግን አይበሉም። ክርስቲያኑም እስላሙም በየሃይማኖቱ ሥርዐት የታረደውን ብቻ ስለሚበላ፤ እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ የሚያርደው ሰው ፈጥኖ መድረስ አለበት። ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ ለሰውም አይሆንም።

2ኛ፤ ቢላዋ ከመነሣቱ አስቀድሞ ስለሚደረግ ምርመራ

ገደል ሥር ሞቶ የተገኘ ከብት ሁሉ ገደል የገደለው አይደለም። ከላይ ሳለ በሽታ ይዞት፣ ራሱን ስቶ የወደቀም ይኖራል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስፈራው አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ነው። ምልክቱም የሚከተለው ነው፤ ከብቱ ሕመም ሳይታይበት በድንገት ይሞታል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል፤ ሆዱ ፈጥኖ ይነፋል፤ ሬሳውም እንደ ሌላው ሬሳ በደንብ አይደርቅም።

እንዲህ ያለውን ሬሳ ፈጽሞ መክፈት፣ መግፈፍና መጎተት አይገባም። የበሽታው ዘር ሬሳው ተከፍቶ አየር ካገኘ፤ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቈያል፤ በዚያ የሚግጥ ከብትም በበሽታው ይያዛል። ሰውም ሥጋውንና ቆዳውን በመንካት ይያዛል፤ በእጁ ወይም በፊቱ ላይ መካከሉ ጥቁር የሆነ ቍስል ይወጣበታል። እንዲህ ያለ ቍስል የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ በመድኃኒት ይድናል፤ ቢዘገይ ግን ለሞት ያሰጋዋል። የሞተውን ከብት ሁለት ሜትር ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ቈፍሮ መቅበር፤ ወይም እስኪያልቅ ድረስ ማቃጠል፤ ለወረዳውም የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

በሕይወት የተገኘው ከብት ግን ገና ሳይታረድ መታየት አለበት። እግሩ ተሰብሮ ዓይኑ ንጹሕ፣ ትንፋሹም ደኅና ከሆነ ሥጋው ይበላል። ከመውደቁ በፊት ታሞ ከነበረ፣ ትኵሳት ካለበት፣ ወይም መድኃኒት ከተወጋ ብዙ ቀናት ያላለፉት ከሆነ፤ የእንስሳት ሐኪም ሳይጠየቅ ሥጋው ለሰው መሰጠት የለበትም።

3ኛ፤ ስለ ማረድና ሆድ ዕቃን ስለ ማውጣት

በዳገት ላይ የወደቀ እንስሳ ከሁሉ በፊት ቀንዱ ወይም እግሩ በገመድ ታስሮ፤ ገመዱ ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ጋራ መያያዝ አለበት። በመንፈራገጥ ላይ ያለ በሬ ተንከባሎ ሰውን ይዞ ሊወርድ ይችላልና። በሚታረድበት ጊዜ ራሱ ወደ ቍልቍለቱ ይደረግ፤ ደሙ በራሱ ክብደት ጠርጎ ይወጣል። ደም ሳይወጣለት የቀረ ሥጋ ይጠቍራል፤ ፈጥኖም ይሸታል። ደሙ ካለቀ በኋላ ግን እንስሳው ዞሮ ራሱ ወደ ሽቅብ መሆን አለበት፤ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ወደ ታች ይንሸራተታልና ሥጋውን አይነካም።

የእንስሳ ሆድ ሥራውን ነፍስ ከወጣች በኋላም አያቋርጥም። በጨጓራው ውስጥ ያለው ፈርስ እየፈላ ነፋስ ያበዛል፤ ሆዱም እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ከአንጀት የሚነሣውም ብልሽት ወደ ሽንጥና ወደ ጭን ይተላለፋል። ስለዚህ ሆድ ዕቃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ፤ ቢዘገይ ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ መውጣት አለበት። ሥራውም በሚከተለው ተራ ይፈጸማል።

ሀ) አንገቱ ከተቈረጠ በኋላ ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ተፈልጎ በሲባጎ ይታሠር፤ ፈርሱ ወደ አንገት ሥጋ እንዳይፈስ።

ለ) ቆዳው ከአንገት እስከ ብሽሽት በሆዱ መካከል በቀጥታ ይተልተል፤ ወደ ሁለቱም ጎን ይገፈፍ፤ የተገፈፈውም ቆዳ በመሬቱ ላይ ተዘርግቶ ለሥጋው ንጹሕ ምንጣፍ ይሁን። የጠጉሩ ወገን ሥጋውን መንካት የለበትም።

ሐ) በፊንጢጣው ዙሪያ በቢላዋ ጫፍ ተከብቦ ይለቀቅና በሲባጎ ይታሠር፤ ፊኛውም እንዳይቀደድ ጥንቃቄ ይደረግ።

መ) ሆዱ ሲከፈት የቢላዋው ስለት ወደ ላይ ይሁን፤ የግራ እጅ ሁለት ጣቶችም ከሥሩ ገብተው መንገድ ይምሩት። በችኰላ ወደ ታች የተወጋ ቢላዋ ጨጓራውን ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሠ) ጨጓራውና አንጀቱ በአንድነት ተስበው ይውጡ፤ ጉበት፣ ኵላሊትና ልብ ተለይተው በንጹሕ ዕቃ ይቀመጡ፤ ሐሞቱም ሳይፈስ ከጉበቱ ላይ ይነሣ።

ረ) ደረቱ በመጥረቢያ ተከፍቶ ሳንባው ከወጣ በኋላ፤ ጎድኑ በእንጨት ተወጥሮ ነፋስ ይግባበት።

ፈርስ የነካው ሥጋ ቢኖር በቢላዋ ተልጦ ይጣል። በወንዝ ውሃ ማጠብ ግን ርኵሰቱን ከአንዱ ቦታ ወደ ሁሉም ማዳረስ ነው፤ እርጥብ ሥጋም ከደረቀው ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል።

በዚህ ጊዜ ጉበትና ሳንባ በሚገባ ይመርመሩ። እንደ ውሃ ፊኛ ያለ እብጠት የታየበት ብልት ለውሻ ሊሰጥ አይገባም፤ በውስጡ ያለው የትል ዘር በውሻ ሆድ አድጎ፤ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ይመለሳል፤ በሰውም ጉበት ላይ እንዲሁ ያለ እብጠት ያወጣል። የጉበት ትል የበላው ጉበትም ይጣል። በቀይ ሥጋው ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ነጭ ነገር ከታየ የኮሶ ትል ዘር ነውና፤ ያን ሥጋ በጥሬው መብላት ኮሶን ወድዶ መቀበል ነው።

4ኛ፤ ሥጋውን ስለ ማቀዝቀዝና ስለ መከፋፈል

የከብት ሰውነት ሙቀት 38 እስከ 39 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ ሙቀት ፈጥኖ ካልወጣ፤ ብልሽት የሚጀምረው ከውጭ ሳይሆን ከወፍራሙ ጭን ውስጥ፤ በዐጥንቱ ዙሪያ ነው። ከላይ ሲታይ ደኅና የሚመስል ጭን ሲቈረጥ የሚሸተው ስለዚህ ነው። መፍትሔውም እንስሳውን በአራት መክፈል፤ ይኸውም ሁለቱን ወርች ከነጎድኑ፣ ሁለቱን ጭን ከነሽንጡ ለይቶ፤ በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ መስቀል ነው። ትኵስ ሥጋ በሸራ ወይም በላስቲክ ከተጠቀለለ ታፍኖ ይበላሻል፤ ለዝንብ መከላከያ ስስ ጨርቅ ይበቃል።

በዚህ ረገድ የላስታ አየር ለሠራተኛው ረዳት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በተከዜ ሸለቆ የወደቀ በሬ በቶሎ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ በደጋው ላይ የወደቀው ግን ሌሊቱን ከአውሬ ተጠብቆ ተሰቅሎ ቢያድር ሲነጋ ቀዝቅዞ ይገኛል።

ስለ ክብደቱም ግምት እንዲኖር ያስፈልጋል። 280 ኪሎ ግራም የሚመዝን የደጋ በሬ ሲሰናዳ፤ ከነዐጥንቱ የሚገኘው ሥጋ እኩሌታው፤ ማለት 130 እስከ 140 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የቀረው ደም፣ ቆዳ፣ ራስ፣ እግርና ፈርሱን የያዘው ሆድ ዕቃ ነው። እንግዲህ በሬውን ሳያሰናዳ ለማውጣት የሚታገል ሰው፤ የማይበላውን እኩሌታ በከንቱ ይሸከማል ማለት ነው።

5ኛ፤ ከገደል ስለ ማውጣትና ስለ መጫን

ሸክም ከመነሣቱ በፊት መንገዱ ይታይ። አንድ ሰው ባዶ እጁን ወጥቶ የሚያዳልጠውን ድንጋይ ያንሣ፤ ማረፊያ ስፍራዎችንም ይምረጥ። ገደሉ በእግር የማይወጣ ከሆነ፤ እያንዳንዱ ሩብ በጆንያ ተቋጥሮ በጠንካራ ገመድ አንድ በአንድ ይሳብ፤ ከሥሩም ማንም ሰው መቆም የለበትም። ከብቱ አይመለስም፤ ስለ እርሱ ሥጋ የሰው ነፍስ መጥፋት የለበትም።

በሰው ትከሻ የሚሆን ሸክም በዳገት 25 ኪሎ ግራም፤ ለብርቱ ጐልማሳም 30 ነው። ከዚህ የከበደው ሩብ ሥጋ በቃሬዛ ላይ ሆኖ፤ በሽተኛ እንደሚወሰድበት ሁኔታ አራት ሰዎች እየተቀባበሉ ቢይዙት ይሻላል። በቅሎ በዳገት 60 እስከ 70፣ አህያ 40 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት በቅሎዎች የአንዱን በሬ ሥጋ ሁሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ ቆዳውንና ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ። ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል ይሁን፤ ከሥሩም ወፍራም ድልድል ይደረግ፤ የተዛባ ጭነት የበቅሎዋን ጀርባ ይገሽራል፤ በጠባብ መንገድም ገደል ይከታታል። የደም ሽታ በቅሎን ስለሚያስደነግጣት ሥጋው በደረቅ ጆንያ ይሸፈን፤ ጭነት የለመደችውም ትቅደም።

ፀሓይ ሳትጠልቅ መድረስ የማይቻል ሲሆን ጅብና ነብር በሽታው ይመጣሉ። በዚያ ጊዜ ሥጋው ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ እሳት ይንደድ፤ ሰዎቹም ከሥጋው ራቅ ብለው ይደሩ።

6ኛ፤ ስለ ቅርጫና ስለ ቋንጣ

ሥጋው መንደር ሲደርስ የጎረቤት ቅርጫ የገበሬው መድን ነው። ሽማግሎች ዋጋውን ይቈርጣሉ፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ በዕጣ ይወሰዳል፤ ገንዘብ ያልያዘም እስከ መኸር ይጠበቃል። ሹማምንት ይህን መልካም ልማድ ሊያበረቱትና፤ የተስማሙበት ገንዘብ በቀኑ እንዲከፈል ሊረዱ ይገባል።

አደጋው በጾም ወራት ቢደርስ ግን ቅርጫው ፈላጊ ያጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ስለማይበላ፤ ያለው መንገድ ቋንጣ ማድረግ ነው። ስቡ ተለይቶ፣ ሥጋው እንደ ጣት ቀጥኖ በቁመቱ ይዘልዘል፤ ጨውና በርበሬ ተነስንሶበት ነፋስ በሚያገኘው ጥላ በገመድ ላይ ይሰቀል፤ ዝንጣፊው ከዝንጣፊው አይነካካ። በቀድሞ ዘመን ከአፋር ምድር ተጭኖ በሰቆጣ ገበያ ይሸጥ የነበረው አሞሌ ለዚህ ሥራ ይውል ነበር፤ ዛሬ ጨው በየገበያው ስለሚገኝ ማነሱ ምክንያት ሊሆን አይገባም። የላስታ በጋ ነፋስ ደረቅ ስለ ሆነ ቋንጣው በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ እርጥበት በማይደርስበት ዕቃ ይቀመጥ። ነገር ግን መድረቅ የኮሶን ዘር ሁሉ ይገድላል ተብሎ ስለማይታመን በወጥ በደንብ በስሎ ይበላ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል፤ በ4,000 ሜትር ደግሞ በ87 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፤ በደጋ ያለች ባለቤት ሥጋን ከቆላው አብልጣ መቀቀል አለባት።

7ኛ፤ ስለ ቆዳው

ቆዳን የሚያበላሸው የሚገፍፈው ሰው ቢላዋ ነው። ቆዳው ከሥጋው የሚለየው በጡጫና በመሳብ ይሁን፤ ቢላዋ የሚገባው ለመጀመሪያው ትልተላና ለእግሩ ዙሪያ ነው። ከተገፈፈ በኋላ ሥጋና ስቡ ተፍቆ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው በሥጋው ወገን ይነስነስበት፤ የጨውም ልክ ከቆዳው ክብደት ሲሶ ያላነሰ ይሁን። ጨው ከታጣ በእንጨት ፍሬም ተወጥሮ በጥላ ይድረቅ፤ በፀሓይ በመሬት ላይ የተዘረጋ ቆዳ ከላይ ይቃጠላል፣ ከታች ይሸታል።

የጥሬ ቆዳ ዋጋ በቅርብ ዓመታት ስለ ወረደ በብዙ ቦታ ሲጣል ይታያል። ነገር ግን ነጋዴ ባይፈልገው እንኳ ለገበሬው ጠፍር፣ ምራንና ስልቻ ይሆነዋል። የወደቀው በሬ ቆዳ የሚተካውን በሬ ቀንበር የሚያሥር ምራን ሆኖ ማገልገሉ ለቤቱ ትልቅ ጥቅም ነው።

8ኛ፤ ስለሚጣለው ነገር

ፈርስ፣ የታመመ ብልትና የማይፈለግ ሆድ ዕቃ ከወንዝና ከምንጭ ራቅ ባለ ስፍራ በጥልቅ ይቀበር። ሜዳ ላይ ከተተወ ባለቤት የሌለው ውሻ ይሰበሰብበታል። ውሻም የእብደት በሽታን ለሰውና ለከብት ብቻ ሳይሆን ለቀይ ቀበሮም ያደርሳል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሻ የመጣ የእብደት በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። የአቡነ ዮሴፍ ቀበሮዎች በቍጥር ከባሌዎቹ እጅግ ያነሱ ስለ ሆኑ፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ ቢገባባቸው ዘራቸው ሊጠፋ ይችላል። በሬሳ ላይ መርዝ መጨመርም ጅብን ብቻ ሳይሆን አገሩን የሚያጸዱትን አሞሮች ይጨርሳልና ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

9ኛ፤ ከሹማምንት ስለሚጠበቀው ሥራ

አደጋው ከደረሰ በኋላ መሳሪያ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ በየቀበሌው፤ ይልቁንም በገደላማው አገር፤ የሚከተለው አስቀድሞ ቢሰናዳ መልካም ነው። በማረድና በመግፈፍ የሠለጠኑ ከሁለቱም ሃይማኖት የተመረጡ ሰዎች በስማቸው ይታወቁ፤ ሁለት ስለታም ቢላዋ፣ ሞረድ፣ መጥረቢያ፣ ሠላሳ ሜትር ጠንካራ ገመድ፣ ሲባጎ፣ ንጹሕ ጆንያና ቃሬዛ በአንድ ቤት ይቀመጡ፤ በድንገት የሞተ ከብት ሲገኝ ወሬው ለእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን የሚደርስበት መንገድ ይወሰን። ከዚህም ሁሉ በላይ፤ ከብት ዘወትር የሚወድቅባቸው አፋፎች በእሾህና በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ማድረግ ይገባል። አንድ ቀን የሚሠራ ካብ ብዙ በሬ ያድናል፤ ከዳነው በሬ የሚገኘውም እህል በደኅና ከተሰናዳው ሥጋ ሁሉ ይበልጣል።

አስተዳዳሪዎችና ባለይዞታዎች ይህን ትምህርት በገበያ ቀንና በማኅበር በዓል ለገበሬው በቃል ቢያሰሙት፣ በሥራም ቢያሳዩት፤ በሬው የወደቀበት ሰው ከሥጋውና ከቆዳው ያገኘውን ገንዘብ ይዞ፤ ከጎረቤቱም እርዳታ ጨምሮ፤ በሚቀጥለው ክረምት እንደ ገና ጥማዱን ለማሟላት ይችላል።